ስለ ድረ ገጹና ስለ ብርነሽ ፎቶግራፍ፣ ለኪሮስ

ኪሮሴ፣

ሰሞኑን ከእኛ ሰፈር ወዳለህበት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ ወሬውን ይዘው እንደመጡ አልጠራጠርም። እውነቱን ከእኔ ስማ። «አስካለ ሥዕል ጣዖት ነው አለች፣ ሃይማኖቷን ቀየረች፣ ሰበካ ጉባኤውም አባረራት» ይባላል። ሦስቱም ውሸት ነው። ስለ ሥዕል አንድም ቃል አልወጣኝም፤ ያልኩት አንድ ፎቶግራፍ በአንድ ገጽ ላይ አይውጣ ነው። ሃይማኖቴም ያው አንተ የምታውቀው ነው። ያባረረኝም የለም፤ ባለፈው ማክሰኞ እንደ ወትሮዬ ከፊት ተቀምጬ በቃለ ጉባኤው ላይ ሁለት ስሕተት አርሜ ነው የወጣሁት። ማንም ያላወራው አንድ እውነት ግን አለ። በድያለሁ። የበደልኩትም በአፌ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ፤ ነገርን በተራው እንደምናገር ታውቀኛለህ።

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖርኩ፤ በራችን ሲዘጋ አንተ ነበርክ። ይህን ስጽፍልህ በሩ ዝግ ነውና አንተ እልሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ቆርቆሮውን አምና ከክረምት በፊት አስቀይሬዋለሁ፤ አናጺው ምስማር ሲቆጥብ ከታች ቆሜ ስቆጣው ዋልኩ። የጎረቤታችን ሁለቱ ሴቶች ልጆች ዓረብ አገር ሄደዋል። እናታቸው ደብዳቤ ሲመጣላት ዛሬም ወደ እኔ ይዛ ትመጣለች፤ አነብላታለሁ። ያልተጻፈ ነገር እንድጨምርላት ትፈልጋለች፤ አልጨምርም። ሞባይል የሚባል ስልክ መጥቷል። ሰው መንገድ ላይ ብቻውን እየተናገረ ሲሄድ ብታየው ይዘኸው ጸበል ትወርድ ነበር። የምትጽፍበትን ክፍል መስኮት አስፍቼዋለሁ፣ አትቆጣ። ብራና ትወጥርበት በነበረው ጥግ ዛሬ የደብሩ ኮምፒውተር ተቀምጧል። የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ጣራው ስለሚያፈስ እኔ ጋ ለጥቂት ቀን ይቆይ ተባለ፤ ይኸው ዓመት ሞላው።

ድረ ገጽ የሚሉት ነገር አንተ ሳለህ ሰቆጣ አልደረሰም። በኮምፒውተር የሚነበብ ገጽ ነው፤ እዚህ ተጽፎ አዲስ አበባ ያለውም ዱባይ ያለችውም በያሉበት ይከፍቱታል። ደብራችን ድረ ገጽ ይኑረው የተባለው በአብነት ተማሪዎቹ ምክንያት ነው። ካቻምና ነሐሴ ላይ ሦስት ጎጆ ተደርምሶ አንድ ተማሪ እግሩ ተሰበረ። ጓደኛህ የኔታ እዝራ እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ፈንጣጣ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ቢወስደውም ዛሬም ስልሳ ያህል ተማሪ በቃላቸው ያስተምራሉ። የዚያን ቀን ግን ተማሪው ከጭቃው ውስጥ ሲጮኽ ድምፁን እየሰሙ የት እንዳለ ማየት ስላልቻሉ ሲያለቅሱ አየሁ። እሳቸው ሲያለቅሱ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ለተማሪዎቹ በድንጋይ የተሠራ ማደሪያ ይታነጽ፣ በየአገሩ የተበተነው የዋግ ሰው ይስማና ያግዝ ተባለ።

ገጹን የሚሠራው አዳነ ነው። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ «ለምን» ማለት የማይሰለቸው አዳነ። ዛሬ ጢሙን ያሳደገ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍቷል። በገጹ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ እኔ እንዳዘጋጅ ተመደብኩ።

መጀመሪያ ሠርቶ ያመጣውን ብታይ። ጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ፊደል። ከላይ መስቀል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከታች ጽሑፉ እንደተባረረ በግ ይሮጣል፣ ሳይነኩት መዝሙር ይጀምራል።

«እትዬ፣ እንዴት ነው?» አለኝ ደስ ብሎት።

«አዳነ፣ ይህ ደብር ነው ወይስ የቅዳሜ ገበያ?» አልኩት።

«የዛሬ ሰው የሚወደው እንዲህ ነው» አለ።

«የዛሬ ሰውም ቢሆን የሚሮጥ ፊደል እያባረረ አያነብም» አልኩት። ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገባው።

ሣጥንህን ከፈትኩለት። ሳትጨርሰው የሄድከውን ብራና አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አንድ ፊደል ሳይጻፍበት በወስፌ የወጋኸውን ነጥብ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያሰመርከውን መስመር፣ በአራቱም ወገን የተውከውን ባዶ ቦታ አሳየሁት። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ያ ባዶ ቦታ ብክነት ይመስለኝ ነበር። «ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ፍየል ይታረዳል፣ አንተ ግማሹን ባዶ ትተዋለህ» ብልህ ቀና ሳትል፣ «የሚይዘው ሰው አውራ ጣቱን የት ያሳርፍ? ፊደሉ ላይ?» አልከኝ። ይህንንም ነገርኩት። አዳነ ብራናውን ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ወረቀትና ማስመሪያ ጠየቀኝ። ገጹን መጀመሪያ በእጁ ነደፈው። በማግሥቱ ያመጣው ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ ሰፊ ዳርቻ ያለው ነበር፤ ቀይ የተጻፈው ርእሱና የቅዱሳኑ ስም ብቻ ነው። አየሁትና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ምን ማለት እንደሆነ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል።

ስለ ስም የተከራከርነውንም ነገርኩት። የአስጻፊውን ባለጠጋ ስም በየምዕራፉ መጨረሻ በቀይ ስትጽፍ፣ ፍየሉን አርብቶ የሰጠው የአበርገሌ ሰውዬስ የት አለ ብዬ ስንት ቀን ነዘነዝኩህ። መልስ አልሰጠኸኝም። መጽሐፉ ሲያልቅ ግን በመጨረሻው ቅጠል ታች የሰውዬው የክርስትና ስም ተጽፎ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ የጻፍከው መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ያለ ስም አለበት። እኔ ፍትሕ ስል ትልቅ ነገር ያሰብኩ ይመስለኝ ነበር፤ አንተ አንድ መስመር ቦታ አስለቅቀህ ትሠራው ነበር። በገጹም ላይ እንዲሁ አደረግን፤ ለማደሪያው ድንጋይ ያመላለሰውም፣ ውኃ የቀዳችውም ስማቸው አለ፣ ሁሉም እየተጠየቁ።

አንድ ቀን አዳነ ለሥራ አበርገሌ፣ ኒሯቅ ሄዶ ለሙከራ ያወጣውን ገጽ እዚያ ለመክፈት ሞከረ። አሥራ አንድ ፎቶ ነበረበት። አስከፍቶት ሄዶ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ገና የመስቀሉን ግማሽ አሳይቶ ቆሟል። ዱባይ ላለ ሰው የሚከፈት፣ ኒሯቅ ላለ የተማሪ አባት የማይከፈት ገጽ እንዴት የኛ ይባላል? የቤተ ክርስቲያን በር የሚሠራው ሰው እንዲገባበት ነው። ዘጠኙን ፎቶ አስወጣሁ። በዋግ ዝቋላ ያሉ የተማሪ ወላጆችም አማርኛ እንደልባቸው አይደለምና የኔታ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጣኛ እየተናገሩ አዳነ ጻፈው። የኔታ የራሳቸው ቃል ተነቦ ሲሰሙ፣ «እንዲህ አድርጌ ተናግሬ ነው? ጎበዝ ነኝ ማለት ነው» አሉ።

ከአዳነ የተማርኩትም አለ። እያንዳንዱ ፎቶ ከኋላው ቃል ሊጻፍለት ይችላል፤ ዓይነ ስውር ሰው ሲደርስበት ኮምፒውተሩ ቃሉን ጮክ ብሎ ያነብለታል አለኝ። «በአማርኛ የሚያነብ ግን ገና አልመጣም። ላይነበብ ለምን እንጽፋለን?» አለ። አንባቢው ገና ያልተወለደ ስንት መጽሐፍ እዚህ ክፍል ውስጥ እንደተጻፈ አስታወስኩት። ደንብም አወጣሁ። የትኛውም ፎቶ ገጹ ላይ የሚወጣው በቃል ተገልጦ የኔታ «አየሁት» ካሉ በኋላ ነው።

የመግለጹ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የት እንደተማርኩት ታውቃለህ። ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ስሙን ሳንጠራ ያየነውን ብቻ እንድንናገር መምህሮቻችን ያዝዙን ነበር። «ቆንጆ» ወይም «ያሳዝናል» ያለች ልጅ በማስመሪያ ትመታለች። መጀመሪያ ያየሽውን፣ የምታስቢውን በኋላ። በዚህ ሥራ የሚወዳደረኝ አልነበረም። እንደምወደውም አልደብቅህም።

መስከረም ላይ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ስብሰባ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጎጆው ሲደረመስ ተማሪውን በጀርባው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ፎቶው በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ በእርዳታ ጣቢያ የተነሳ ነው፤ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ ነው የላከለት። «ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ይህ ይሁን» አለ። የኔታም እንደ ደንባችን፣ «አስካለ፣ እስቲ ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አሳምሬ ነገርኳቸው። «አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይበልጥም። ኩታዋ በግራ ትከሻዋ ላይ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ሁለት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝቷል፣ ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው። ወደሚያነሳት ሰው አታይም፤ በእጇ የልጁን ግንባር ከፀሐይ ትጋርዳለች። የእጇ ትንሿ ጣት ቀጥ ብላለች፣ አትታጠፍም። አገጯ ላይ በስተቀኝ የባቄላ ፍሬ የሚያህል የእሳት ጠባሳ አለ።» እዚህ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ጸጥታውን ለአነጋገሬ የተሰጠ ክብር አድርጌ ወሰድኩት። ፎቶውን ጠጋ አድርጌ አየሁና፣ «ይህችማ ብርነሽ ናት» አልኩ።

«አስካለ፣ በቃሽ» አሉ የኔታ።

ማሯን ይዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምትቀመጠው ብርነሽ፤ ሳል ሲጠናብህ ነጭ ማር ትልክልህ የነበረችው። ሌሎቹ ከእኔ በፊት አውቀዋት ነበር። አፋቸውን የዘጉት ሊሸፍኗት ነው፣ እኔ ግን ስሟን በአሥራ ሁለት ሰው ፊት አወጣሁት። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። ብድግ አልኩና ሴትየዋ ሳትጠየቅ ፎቶዋ አይወጣም፣ የድሃ ፊት የማንም መለመኛ አይደለም ብዬ ተናገርኩ። ያልኩት ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው። ስብሰባውን አሸንፌ የወጣሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ብርነሽ ከዝቋላ በኩል መጥታ እዚህ እንዳገባች፣ ለምለም የምትባል አንዲት ልጅ እንዳለቻት ሰው ሁሉ ያውቃል። ከለምለም በፊት ልጅ እንደነበራት ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለለምለምም ጭምር። በሳምንቱ ገበያ ላይ አንዱ ለለምለም፣ «እናትሽ ኮምፒውተር ውስጥ አለች አሉ፣ ከሞተው ወንድምሽ ጋር» አላት። ልጅቱ ወደ እናቷ ዞራ፣ «የምን ወንድም?» አለች። ብርነሽ የማሩን እንስራ ከድና ተነሥታ ሄደች። ሁለት ቅዳሜ አልወጣችም፣ ሁለት እሑድም ቤተ ክርስቲያን አልታየችም።

ይህን የነገረኝ አዳነ ነው፤ እሱም ስጠይቀው። «ታዲያ ያን ቀን ስናገር ለምን አላቆምከኝም?» አልኩት። ቁልፍ ሰሌዳውን እያየ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ማን ያርማል?» አለ። ኪሮሴ፣ በማስመሪያ ከተመታሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እንደ አባቶቻችን ደንብ አደረግሁ። ከጓሮ ድንጋይ መርጬ በነጠላዬ አስሬ ትከሻዬ ላይ አኖርኩና ሄድኩ። አነስተኛ ድንጋይ ማንሳት አሳፈረኝ፤ የመረጥኩት ግን ከዕድሜዬ ጋር አልተስማማም፤ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። በሩን የከፈተችው ለምለም ናት። አየችኝና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ብርነሽ ብቅ አለች፤ እኔም ደጃፏ ላይ ተንበረከክሁ።

«ያውርዱት እትዬ አስካለ» አለችኝ። «ወገብዎ ቢቆረጥ ማን ሊሸከምዎ ነው? ያ ሊቀ መንበር?»

አላወረድኩም። በደሌን ተናገርኩ። አሳጥሬ፣ ምክንያት ሳልጨምር። እሷም በሩ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ያ ፈረንጅ ፎቶ ሲያነሳኝ ስሜን አልጠየቀኝም» አለች። «አልፈረድኩበትም፣ ቋንቋዬን አያውቅም። እርስዎ ግን ስሜንም ቤቴንም ያውቃሉ። ለእኔ ተቆርቁረው እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። መጥተው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? መንገዱ ሩቅ ነው?»

ሩቅ አይደለም። ከቤታችን ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጌታ እንኳ ዓይነ ስውሩን ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠይቆ ነው የፈወሰው። ይህን አርባ ዓመት ለተማሪዎች አስተምሬያለሁ።

ድንጋዩን ራሷ ከትከሻዬ አወረደችው። ይቅር ለእግዚአብሔር አለች፤ አስገባችኝ። ልጁ ጣቢያው ከደረሱ በኋላ፣ ፎቶው በተነሳ በማግሥቱ ሞተ። ከሌሎች ጋር አብሮ ተቀበረ፤ ፍትሐት አልተደረገለትም፣ የሚያደርግ ካህን አልነበረም። ለለምለም ያልነገረቻት፣ በሞተ ልጅ ምትክ የተወለድኩ ነኝ ብላ እንዳታስብ ነው። ለምለም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ትሰማለች። ብርነሽ ስትጨርስ ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ አይተውታል» አለችኝ። «ወንድሜ ምን ይመስላል?»

ኪሮሴ፣ ቃሉ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ የፀጉሩን አበቃቀል አንድ በአንድ ልነግራት እችል ነበር። ብርነሽን አየኋት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «እኔ እነግራታለሁ» አለች። ዝም አልኩ።

ስሸኝ በሩ ላይ ብርነሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ፎቶው ገጹ ላይ ይውጣ ወይም አይውጣ አልነበረም፤ እሱን እንደማትፈልግ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነግራኛለች። የጠየቀችው ወረቀቱን ነው። የልጇን ፊት ካየች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ሌላ ፎቶ የለውም። «ለለምለም ስነግራት እጄ ላይ ይኑር» አለች።

ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድኩ። ፎቶው ለደብሩ የተላከ የደብሩ ንብረት ነው አለኝ። «መምህርት፣ ለአንዲት ሴት ሀፍረት ሲባል ስልሳ ተማሪ በሚመጣውም ክረምት ይረጥብ?» አለ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እግሩ የተሰበረውን ልጅ የተሸከመ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እኔም ተኝቼበታለሁ። ግን ወረቀቱ ብርነሽ እጅ እስኪገባ ድረስ የጻፍኩትን ጽሑፍ አልሰጥም አልኩ። ገጹ ሳይከፈት አንድ ወር ቆመ። ወሬውም የተነሳው በዚህ መሐል ነው፤ ሃይማኖቴን የቀየርኩትም፣ የተባረርኩትም ያኔ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ነገሩ ስብሰባ ላይ ወጣ። ሊቀ መንበሩ ክርክሩን ደገመ፣ እኔም ደገምኩ። የኔታ እዝራ በመቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሲሰሙ ቆዩና፣ «የእኔ ልጆች ለምነው ነው የሚበሉት» አሉ። «እኔም ለምኜ ነው የተማርኩት። በየደጁ ቆመን በእመቤታችን ስም ስንለምን በራሳችን አፍ፣ በራሳችን ረኃብ ነው። የሌላ ሰው ሬሳ ተሸክሞ የሰው በር ያንኳኳ ተማሪ አላውቅም። በዚያ ፎቶ የሚሠራ ማደሪያ ከሆነ ልጆቼን አላስገባበትም፤ ጎጆው ይሻለናል።» ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ዘጋ። እኔ የመጨረሻውን ቃል መናገር እንደምወድ ታውቃለህ፤ አልተናገርኩም።

ከስብሰባው በኋላ አዳነ ለገጹ ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባውን የፎቶውን ቅጂ ላጥፋው ወይ አለኝ። «አጥፋው» ልል ከንፈሬ ከተከፈተ በኋላ ተውኩት። የልጁ ፊት ያለው በዚያ ወረቀትና በዚህ ቅጂ ብቻ ነው። ይቆይ ወይም ይጥፋ የምትለው ብርነሽ ናት፤ እስክትጠየቅ አትንካው አልኩት። አዳነ ቀና ብሎ አየኝ። በተራው እሱ ዝም አለ።

ሊቀ መንበሩ ለሥራ ኒሯቅ ሄዶ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ተመልሶ፣ «ነገ ጠዋት መጥተው ፎቶውን ይውሰዱ» ብሎ ላከብኝ። ከላከው ቃል ቁጣም ደስታም አላነበብኩበትም፤ ያልተጻፈ አልጨምርም።

አንተን እንዴት እንደማስብህ ልንገርህና ላብቃ። መታሰቢያህ ቀኑን ጠብቆ ይወጣል፣ ጠበሉም ዳቦውም አይጓደልም፤ እሱን ማንም ያደርገዋል። እኔ ግን ገጽ ባየሁ ቁጥር፣ ብራናም ይሁን የኮምፒውተር መስታወት፣ አንባቢው እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ተትቶለት እንደሆነ አይቼ አስብሃለሁ። ስሕተት ሳገኝ አርማለሁ፤ ይህ ጠባይ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ከማረሜ በፊት መጠየቅን ግን በዚህ ዕድሜዬ ጀምሬዋለሁና ታገሰኝ። አንተን እስካስታወስኩ ድረስ አልተወውም፤ አንተን ደግሞ አልረሳም።

ነገ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ሊቀ መንበሩ ቤት እሄዳለሁ። ፎቶውን ተቀብዬ አመሰግነዋለሁ፤ ለተማሪው መሸከም አመስግኜው አላውቅም ነበር፣ ለእሱም ጭምር። አዳነን ከቤቱ እወስዳለሁ፤ ስለ ቅጂው ራሱ ብርነሽን ይጠይቃት። የኔታን እጃቸውን ይዤ አብረን ዳገቱን እንወጣለን። ብርነሽ ለልጇ ፍትሐት እንዲደረግለት ከፈለገች የክርስትና ስሙን ለየኔታ ትነግራቸዋለች። ፎቶውን ለእሷ እሰጥና፣ ስሙን ስትነግራቸው ከበሩ ውጭ እቆማለሁ።

አስካለ